ሁለቴ የጠየቀችው መስመር

በቆርቆሮ ፋብሪካው ውስጥ እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታውቀው የደመወዝ ክፍሏ ሴትዮ ብቻ ነበረች። ለሌላው ሁሉ ጋሽ አሳጥር ነው። ስሙን የለጠፉበት የጥገና ልጆች ናቸው። ሰው አንድ ነገር ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት እጁን ከፍ አድርጎ «አሳጥር» ይላል። ስብሰባ ላይ «አሳጥር» ይላል። አንድ ጊዜማ ቀብር ላይ የሟች ታሪክ ሲረዝምበት በሹክሹክታ «አሳጥር» ብሎ ሚስቱ በክርኗ ጎስማዋለች። ዛሬ እሷም የለችም። የሷ ታሪክ ሲነበብ ግን እንዲያሳጥሩ ማንንም አልጠየቀም።

የሚሠራው ከዋናው አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት፤ መስኮቷ የምታየው ወደ አዳራሹ ስለሆነ ከብርሃን ይልቅ የምታሳየው አሥራ ሁለቱን መጭመቂያ ማሽኖች ነው። ማሽኖቹ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ተቀብለው የበር ማጠፊያ፣ የሣጥን ክዳን፣ የመብራት ቆብ አድርገው ይተፉታል። እያንዳንዱ ማሽን ጎኑ ላይ የብረት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቺፕ ተቀምጣለች። ማይክሮኮንትሮለር ይሏታል። ያ ሁሉ ብረት መቼ እንደሚወርድ፣ መቼ እንደሚቆም የምታዘው እሷ ናት፤ እሷን የሚያዛት ደግሞ ጋሽ አሳጥር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያዛት ኖሯል።

የሚያዛት በማክሮ ነው። ማክሮ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር። «ጸሐፊ ቀጠርክ እንበል። ‹ሰላምታ› ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ሁሉ ‹እንደምን ከርመዋል፣ እኛ ደህና ነን› ብለሽ ሙዪበት ትላታለህ። አንተ አንድ ቃል ትጽፋለህ፤ እሷ ሙሉውን ትሞላለች። ነገ ሰላምታውን መቀየር ብትፈልግ አንድ ቦታ ትቀይራለህ፣ ደብዳቤው ሁሉ ይቀየራል። አለቀ።»

እንዲህ ያለች ጸሐፊ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች። ፕሮግራሙ ወደ ቺፗ ከመግባቱ በፊት አጫጭሩን ስም ሁሉ በረጅሙ ትእዛዝ ትተካለች። ትጉህ ናት፤ ግን አታስብም። የተባለችውን ቃል በቃል ትለጥፋለች እንጂ «ይህንን ሁለት ጊዜ ልጽፈው ነው፣ ይሁን ወይ?» ብላ አትጠይቅም። ጋሽ አሳጥር ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምረው እሱን ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮዋ ቺፕ ከገበያ ጠፋች። ሥራ አስኪያጁ፣ ፋብሪካውን ከአባቱ የወረሰ ጎልማሳ፣ ፕሮግራሙን ለአዲሷ ቺፕ መልሶ መጻፍ ሦስት ወር ይፈጃል ሲሉት እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ጋሽ አሳጥር በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰው። ከቺፗ ጋር የሚነጋገረው ነገር ሁሉ ማክሮ ውስጥ የተቀመጠ ነውና፣ የማክሮዎቹን ገጽ ከፍቶ አሥራ አንድ መስመር ቀየረ፤ ሻዩን ጠጣ፤ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አስጨበጨበለት። ከአዲሷ ቺፕ ጋር የመጣውን አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ ግን ያነበበው የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እሱ አፈሰሰ፤ የለቀመው ሌላ ሰው ነው።

በዚያው ዓመት የእህቱን ልጅ ፋብሪካው ውስጥ አስቀጠራት። እህቱ ታናሹ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጅቷን ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ቁጭ ብላ ነበር። እናትየው «መጭመቂያ» የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ብረት እኮ ነው። ብረት ዘመድ አያውቅም።»

«ይሄኛው ያውቃል» አላት። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጅ ከገባ ይቆማል። የእኔ ማሽን የልጅሽን እጅ አይነካም፣ በዚህ አትጨነቂ።»

ልጅቷ ስድስት ወር ሳይሞላት ሰባት ቁጥር ማሽን ላይ ተቀመጠች፤ ዓመት ሳይሞላት መብረቅ ተባለች። ቆርቆሮውን ታስገባለች፣ እጇን ታወጣለች፣ ፔዳሉን ትረግጣለች፤ ዓይን አይከተላትም። የቆርቆሮው ጠርዝ እንዳይቆርጣት የጣቶቿን ጫፍ ከማሸጊያ ክፍል በምታመጣው ብርማ ፕላስተር ትጠቀልላለች። የእጅ አንጓዋ የእናቷ ነው፣ በሁለት ጣት ተይዞ የሚተርፍ። የክፍሉ ኃላፊ «ይቺን ልጅ ከየት አመጣሃት?» ሲለው ጋሽ አሳጥር «ዘር ነዋ» ይል ነበር። ሰዎቹ ይስቁበታል፤ የሱ እጅ ሻይ እስኪያማስል ሻዩ እንደሚቀዘቅዝ ያውቃሉ።

ስለ ማሽኖቹ ዓይን ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚመጣው ነገር አይገባም። እያንዳንዱ ማሽን ፊት ለፊቱ ሦስት የብርሃን ዓይኖች አሉት፤ አንዱ ከሌላው አራት ጣት ያህል ይርቃል። ከዓይኑ የሚወጣው ብርሃን ማዶ ካለች መስታወት ነጥሮ ይመለሳል። ፔዳሉ ተረግጦ ከላይ ያለው ብረት መውረድ ከጀመረ በኋላ መዳፍ ብርሃኑን ካቋረጠ፣ ቺፗ «እጅ ገብቷል» የሚል ምልክት ትይዛለች፤ ብረቱም ባለበት ቀጥ ይላል። ምልክቱን መያዟ ግድ ነው። ምክንያቱም መዳፉ ካለፈ በኋላ ቀጭን አንጓ በሁለቱ ብርሃን መሃል ሾልኮ ሊቀመጥ ይችላል፤ ያኔ ዓይኖቹ «ማንም የለም» ይላሉ፣ እጁ ግን ውስጥ ነው።

ሠራተኞች ይህን ዓይን አይወዱትም። የቆርቆሮ ጥግ ባለፈ ቁጥር ያስቆማቸዋል፤ የቀን ኮታቸው ይጎድላል። ስለዚህ ብልሃት አላቸው፤ ያንኑ ብርማ ፕላስተር ዓይኑ ፊት ይለጥፉበታል። ዓይኑ የገዛ ብርሃኑን መልሶ እያየ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ጋሽ አሳጥር በዚህ ነገር ዕድሜውን ሙሉ ከሰው ተጣልቷል። በየጠዋቱ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ይዞራል፤ እንጨቱን ቀስ አድርጎ ከብረቱ ሥር ይሰዳል፤ ማሽኑ ከቆመ ያልፋል፤ ካልቆመ ፕላስተር ፍለጋ ነው። የተገኘበትን ሰው በጓደኞቹ ፊት እንደ ሌባ ያዋርደዋል።

አደጋው የደረሰው ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ጋሽ አሳጥር ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ጩኸት አልሰማም፤ የሰማው አሥራ ሁለቱ ማሽኖች ተራ በተራ ዝም ሲሉ ነው። ሮጦ ሲደርስ ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ጓደኛዋ ሽርጧን አውልቃ ቀኝ እጇን ጠቅልላዋለች። ሁለት ጣትና የሦስተኛው ግማሽ። ልጅቷ አታለቅስም። «ቆርቆሮው ተጣሞ ነበር፣ ላቃናው ብዬ ነው፣ ተጣሞ ነበር» እያለች ትደጋግማለች።

ሲወስዷት እሱ ቀረ። የቀረው ማሽኑን ሊያይ ነው። ከዓይኖቹ ሥር ወለሉ ላይ ቁራጭ ብርማ ፕላስተር አየና አነሣው። መጥረጊያውን አምጥቶ አሥር ጊዜ ከብረቱ ሥር ሰደደው፤ አሥሩንም ጊዜ ማሽኑ ቆመ። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነለት፤ ፕላስተሩ ተለጥፎ ነበር፣ በግርግሩ ወደቀ፣ ማሽኑም ወደ ጤናው ተመለሰ። «ወይኔ ልጄን፣ አንቺም?» አለ ለብቻው። አለቀሰም። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ የምርመራ ቅጽ ሲያመጣለት እንደ ልማዱ አሳጥሮ አምስት ቃል ጻፈበት፦ «መቆጣጠሪያው እንከን የለበትም። ዓይኑ ተሸፍኗል።» ፈረመ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄደ። አልጋው አጠገብ ቆመ፤ እግዜር ይማርሽ እንኳ አላላትም።

«ፕላስተሩን ለምን ለጠፍሽው?»

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሽ አሳጥር ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው።

እህቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተከተለችው። «ጋሼ፣ አልለጠፍኩም ነው የምትለው።»

«ፈትሼዋለሁ።»

«የፈተሽከው ማሽኑን ነው። ማን ይናገር፣ የነበረ! እሷን ጠይቃታ!»

«አሳጥሪው» አላት።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። እህቱ ወደ ልጇ ክፍል ተመለሰች። በሳምንቱ ለልጅቷ ደብዳቤ ደረሳት። የደኅንነት ደንብ በመጣሷ ከሥራ ተሰናብታለች፤ ለሕክምናዋም ሆነ ለደረሰባት ጉዳት ፋብሪካው ኃላፊነት የለበትም። ከደብዳቤው ጀርባ የአጎቷ አምስት ቃል ከነፊርማው ተያይዟል።

ስድስት ሳምንት ያህል እንዲህ አለፈ። እሑድ እሑድ እህቱ ቤት ይሄዳል። ዘመድ ነውና በር አይዘጋበትም፤ አፍ ግን ተዘግቶበታል። እህቱ ከፍታለት ወደ ማድ ቤት ትገባለች፤ እዚያ የምትሠራው ነገር አያልቅም። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተማሪ ደብተር ዘርግታ በግራ እጇ መጻፍ ትለማመዳለች። እሱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ «እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ይወጣል።

በስድስተኛው እሑድ ደብተሩን ለማዞር ስትል ክርኗ የውሃ ብርጭቆ መታ። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ወደቀ። ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ ግራ እጇ ቀለበው። ውሃው እንኳ ብዙ አልፈሰሰም። ብርጭቆውን ወደ ቦታው መልሳ ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች።

ጋሽ አሳጥር ብርጭቆውን እያየ ቀረ። መጥረጊያዬ እንዲህ አይሄድም፣ አለ በሆዱ። ሃያ ስድስት ዓመት እንጨቱን ከብረቱ ሥር ሲሰድ ቀስ አድርጎ ነው፤ በቀልጣፋ እጅ ሞክሮ አያውቅም። ልሂድም ሳይል ተነሥቶ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ ፕሮግራሙን ከፈተ። የዓይኑ ትእዛዝ አንዲት መስመር ናት፤ ራሱ የጻፋትና የሚኮራባት። «የቀድሞው ምልክትና አሁን ከዓይኑ የተነበበው፣ ከሁለቱ ትልቁን ያዝ» ትላለች። እጅ ካለ አንድ ነው፣ ከሌለ ዜሮ። አንድ ከተያዘ ሁልጊዜ ትልቁ እሱ ነውና አይለቀቅም። «ከሁለቱ ትልቁ» የምትለዋ ግን ማክሮ ናት። ጸሐፊዋ እንዴት አድርጋ እንደሞላችው ለማየት ረጅሙን ጽሑፍ አስወጣው። «ከዓይኑ አንብብ፤ ከቀድሞው ይበልጣል? ከበለጠ፣ ከዓይኑ አንብብና ያዝ» ይላል። ማንበቡ ሁለት ቦታ ተለጥፏል፤ አንዱ ለማወዳደር፣ አንዱ ለመያዝ።

በድሮዋ ቺፕ ይህ ችግር አልነበረም። ሁለቴ ቢጠይቋት ሁለቴ ያንኑ ትመልሳለች። አራት መቶ ገጹን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አወረደና ዓረፍተ ነገሩን በጣቱ እየተከተለ ያነብ ጀመር። ረፋዱ ላይ፣ ከአንድ ሠንጠረዥ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወሻ ላይ ጣቱ ቆመ። «ይህ ምልክት ሲነበብ ይጠፋል።» ብርሃኑ አንዴ ከተቋረጠ ቺፗ ራሷ የምታስቀምጠውን ምልክት ማለቱ ነው።

ዝግ ያለ እጅ ሲገባ መስመሯ መጀመሪያ ስትጠይቅ «አለ» ትባላለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስትጠይቅም ብርሃኑ ገና እንደተቋረጠ ነውና «አለ» ትባላለች፤ ማሽኑ ይቆማል። መጥረጊያውም እንደዚያው ነው። ፈጣን እጅ ሲሆን ግን ቺፗ ሌላ ሌላውን ሥራ ዞራ ወደ ዓይኑ እስክትመለስ መዳፉ አልፏል። መጀመሪያ ስትጠይቅ «ነበር» ትባላለች፤ በመጠየቋ ብቻ ምልክቱ ይጠፋል። ሁለተኛ ስትጠይቅ «የለም» ትባላለች። የምትይዘው ሁለተኛውን ነው። ማሽኑ የልጅቷን እጅ አይቶታል፤ አይቶም በዚያችው ቅጽበት ረስቶታል።

ፕላስተሩ ከጣቷ የወደቀ ነበር። ያን ለማወቅ መጽሐፍም አያስፈልግም፤ ጠዋት ጠዋት ስትጠቀልለው በመስኮቱ ሲያያት ኖሯል። ከአሥራ ሁለቱ ሠራተኞች ይህ ሊደርስበት የሚችለው ጎበዙ ብቻ ነው፤ ዘገምተኛውን ማሽኑ ይምረዋል። ጋሽ አሳጥር ግንባሩን መጽሐፉ ላይ ደፋ። «ምን አደረግሁ» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቶ ነገሩን ከነሥሩ ተናገረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያሳጥር። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።

«አሁን አሥራ ሁለቱም ላይ ያለው ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ይሠራሉ ጋሼ? ይሂዱና ያስተካክሉት እንጂ! የሰው እጅ እዚያ ውስጥ እየገባ ነው። ወረቀቱ ይደርሳል።»

ልክ ነው። ይህን ማን ይቃወማል? ተመልሶ አስተካከለው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ መልሱን ያስቀምጣል፤ ከዚያ የተቀመጠውን ያወዳድራል። አንዲቷ መስመር ሁለት ሆነች፣ ሌላ ምንም የለውም። ፋብሪካው ሳይዘጋ በአሥራ ሁለቱም ማሽኖች ላይ ጫነው። ሰባት ቁጥር ላይ ሲጭን በእህቱ ልጅ ቦታ የገባችው አዲሷ ልጅ ከኋላው ቆማ ማስቲካ ታኝክ ነበር።

ማክሰኞ ጋሽ አሳጥር የፈረመውን ቅጽ ሊያሳርም ሄዶ «ወረቀቱስ?» አለ። ይደርሳል ተባለ። ረቡዕም ይደርሳል ተባለ። ሐሙስ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋና ራሱ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ማሽኑ አሁን እንከን አለበት?»

«አሁንማ የለበትም።»

«እርስዎስ የፈረሙት ይህንኑ አይደል? ታዲያ ምኑን እንቀይረው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሃያ ስድስት ዓመት የበሉበት ቤት ነው። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል።»

ጋሽ አሳጥር ያን ጊዜ ገባው። ለልጅቷ የሚመሰክርላት አንድ ነገር ቢኖር የተበላሸው ማሽን ነበር፤ እሱን ደግሞ በገዛ እጁ አድኖታል። ባያስተካክለው የሌላዋ እጅ ይሄዳል፤ አስተካከለው፣ የዚችኛዋ እውነት ሄደ። ቢሆንም ወደ ውጭ ወጥቶ መጮህ ይችል ነበር። ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። ጡረታው ሊደርስ አሥራ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ዝም ያሰኘው ይኼ ነው። እሱ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እኔ ግን ለሱ ብዬ አላሳጥረውም።

በአሥረኛው ቀን ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣች። አቤት ያለችው እህቱ ናት፤ ሰልፍ ይዛ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ሰልፍ ይዛ። ተቆጣጣሪዋ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ሳቅ የማያውቃት ሴት ናት። እናትና ልጅን ሰባት ቁጥር ማሽን አጠገብ አስቁማ «የሆነውን ንገሪኝ» አለቻት። ልጅቷ ተናገረች። ቆርቆሮው እንደተጣመመ፣ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ እንደገባ፣ ይቆማል ብላ እንዳመነች። ተቆጣጣሪዋ ሳታቋርጣት ጻፈች። ከዚያ እንጨት አስመጥታ ቀስ አድርጋም ፈጠን አድርጋም ሞከረች፤ ማሽኑ በሁሉም ቆመ።

«ይቆማል» አለች፤ ይህንንም ልትጽፍ ጎንበስ አለች።

ጋሽ አሳጥር በመስኮቱ ሲያይ ነበር። ወጥቶ አጠገባቸው ደረሰ።

«የሚቆመው እኔ ስላስተካከልኩት ነው። ያን ቀን አይቆምም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሷ አይደለም።» መስመሯ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደምትጠይቅ፣ በመጀመሪያው ያየችውን በሁለተኛው እንዴት እንደምታጣው፣ እዚያው ቆሞ አስረዳ። እህቱ ፊቷን ወደሱ አላዞረችም። ልጅቷ ወለሉን እያየች ሰማችው።

ተቆጣጣሪዋ ፋይሏን ገለጠች። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ልጅቷስ ምንዎ ናት?»

«የእህቴ ልጅ።»

«ታዲያ የትኛውን ቃልዎን ልመን?»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ። «ትልቅ ሰው ናቸው። የዘመድ ነገር አንጀታቸውን በልቶት ነው፣ አይፍረዱባቸው» አለ፣ በሚያሳዝን ድምፅ።

«አሮጌው ፕሮግራም አለኝ» አለ ጋሽ አሳጥር። «ግማሽ ሰዓት ስጡኝ።»

ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አይታ ፈቀደች። አሮጌውን ፕሮግራም ሰባት ቁጥር ላይ መልሶ ጫነ። አንድ የሥራ ጓንት በጨርቅ ጠቅጥቆ ቀጭን የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ አሰረው፤ ጓንቱ እንደ መዳፍ፣ ዘንጉ እንደ አንጓ። ፔዳሉን ረግጦ ጓንቱን ወረወረ። ማሽኑ ቆመ። እንደገና ወረወረ፤ ቆመ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። እጁ ገና ከትከሻው ሳይላቀቅ ዓይኑ ይይዘዋል። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥሩንም ጊዜ ማሽኑ እንደ ታማኝ ሎሌ ቀጥ አለ። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያያሉ፤ የሚስቅ ግን አልነበረም።

ተቆጣጣሪዋ የብዕሯን ክዳን ከደነች።

«ስጠኝ» አለች ልጅቷ።

ቀኝ እጇ ከካፖርቷ ኪስ አልወጣም። ዘንጉን በግራዋ ተቀበለችውና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጧ ነው፤ እግሯ ግን ፔዳሉን ሳይፈልግ አገኘው። እናቷ «ልጄ» ብላ አንድ እርምጃ ተራመደች። ልጅቷ ረገጠች። ጓንቱ ሲገባ ማንም አላየም። ብረቱ ሳያመነታ እስከ ታች ወረደ፤ ሲነሣ ጓንቱ እንደ ወረቀት ተለጥፎ ታየ።

«ድገሚው» አለች ተቆጣጣሪዋ።

ደገመችው፤ ማሽኑ ቆመ። ደገመችው፤ ወረደ። ከአምስቱ ሦስቱን ወረደ። በወረደ ቁጥር እናቷ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ልጅቷ ግን አልጨፈነችም። ተቆጣጣሪዋ የጻፈችውን ገጽ ቀደደችና በአዲስ ገጽ ጀመረች። አሥራ ሁለቱም ማሽኖች እንዲቆሙ፣ የስንብት ደብዳቤው እንዲታገድ፣ የምርመራው ቅጽ እንዲሰረዝ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወጣ።

ጋሽ አሳጥር ከልጅቷ ወንበር አጠገብ የቆርቆሮ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ» አላት። «እንዴት እንደነበረ እስቲ ንገሪኝ። እስከ መጨረሻው እሰማሻለሁ።»

ልጅቷ የተጨፈለቀውን ጓንት ከዘንጉ ፈታችና እጁ ላይ አኖረችለት።

«ማሽንህ እንኳ ሁለቴ ጠይቋል» አለችው። «አንተ አንዴም አልጠየቅከኝም። አሁንማ ሰው ጠይቆኝ ተናግሬ ጨረስኩ።»

ተነሥታ የእናቷን ክንድ ያዘች። ሁለቱም በዋናው በር ወጡ።

ማሽኖቹ ቆመዋልና ሠራተኛው ልብሱን ሊቀይር ሄደ። ሰባት ቁጥር ውስጥ ያለው ግን አሁንም አሮጌው መስመር ነው፤ ዛሬ ባይሆን የዛሬ ሳምንት ሌላ ልጅ ትቀመጥበታለች። ጋሽ አሳጥር ኬብሉን ሰክቶ የተስተካከለውን መለሰበት። ሌላ ጓንት ጠቅጥቆ ዘንጉ ላይ አሰረና ፔዳሉን ረግጦ ወረወረው። ማሽኑ ቆመ። እንደገና ወረወረ፤ ቆመ። ያለ የሌለ ጉልበቱን አሟጦ ወረወረ፤ ቆመ። ያቆመው አዲሱ መስመር ይሁን የእጁ ቀርፋፋነት፣ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሊነግረው የሚችል እጅ በበሩ ወጥቶ ሄዷል።